«ዘ ፕሪስት ኦፕን» ወይስ «ኦፕንስ»? አስረዱኝ

የዘጌው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ እንግዳ የማመላልስ አስጎብኚ ነኝ። እንግሊዝኛን በደንብ የያዝኩት ሥራ ላይ ነው። ትናንት ዑራ ኪዳነ ምሕረት ደርሰን «ዘ ፕሪስት ኦፕን ዘ ዶር ኤቭሪ ሞርኒንግ» ስል፣ አንዲት እንግዳ በትሕትና «ኦፕንስ» ብላ አረመችኝ። ስንመለስ እሱኑ ሳሰላስል ሐይቁን እንኳ ሳላይ ደረስን። እኔ የማውቀው ኤስ ለብዙ እንደምትጨመር ነው፦ ቦት፣ ቦትስ። ቄሱ ደግሞ አንድ ናቸው። ታዲያ ኤሷ ከየት መጣች? «ዘ ቦትስ ስታርትስ» ማለቴስ ስሕተት ነው?

የቋንቋ መምህርት፦
ወንድሜ፣ የተሳሳትክበት ቦታ ጥያቄህ ውስጥ አለ። «ቄሱ አንድ ናቸው» አልክ እንጂ «አንድ ነው» አላልክም። እኛ ሰው ስናከብር ግሱን እንደ ብዙ እናደርገዋለን፤ ቄሱ ይከፍታሉ፣ ዲያቆናቱም ይከፍታሉ። እንግሊዝኛ በግስ አያከብርም። ጳጳስም ይሁኑ ሕፃን ልጅ፣ ሰው አንድ ከሆነ የዘወትር ሥራው ሲነገር ግሱ ኤስ ይይዛል። ስለዚህ በልብህ «እሳቸው» እያልክ አትተርጉም። ሂ፣ ሺ፣ ኢት ኤስ አላቸው፤ አይ፣ ዩ፣ ዊ፣ ዜይ የላቸውም። ስም ላይ የምትገባው ኤስ የብዛት ናት፤ ግስ ላይ የምትገባው ሌላ ናት፣ ድምፃቸው ገጥሞ ነው። «ዘ ቦት ስታርትስ»፣ «ዘ ቦትስ ስታርት» በል።

ታንኳ ቀዛፊ፦
እኔ የያዝኩት እንዲህ ነው፦ ኤስ አንድ ናት፤ ወይ ስሙ ይወስዳታል ወይ ግሱ።

የቋንቋ መምህርት፦
ለጀማሪ ጥሩ መያዣ ነው፤ «ፒፕል» ላይ ግን ያሳስታል። ኤስ ባይኖረውም ሰዎች ማለት ስለሆነ «ፒፕል ፕሬይ» ነው የሚባለው። «ዘ ፕሪስት ኤንድ ዘ ዲከን ፕሬይ»ም እንዲሁ፣ ሁለት ናቸውና።

የዘጌው ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ መምህርት! አባን ማክበሬ ነው ለካ ያሳሳተኝ። ስጠይቅስ «ዳዝ ሂ ኦፕንስ» ልበል?

የቋንቋ መምህርት፦
የለም፣ ኤሷን «ዳዝ» ወስዷታል። «ዳዝ ሂ ኦፕን»፣ ስታፈርስም «ሂ ዳዝንት ኦፕን»።

የዘጌው ልጅ፦
ነገ ጠዋት እንግዶቼን ጉማሬ ላሳይ ወደ ዓባይ መውጫ እወስዳለሁ። «ዘ ሂፖ ኢትስ ግራስ አት ናይት»፤ ሲበዙ «ዘ ሂፖስ ኢት ግራስ አት ናይት»። ልክ ነኝ?

የቋንቋ መምህርት፦
ልክ ነህ።