ፈረሴ በስብሶ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ቶሎ መልሱልኝ

ባለ ዳማው፦ አሁን ገባን። ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘንና እስከ በሩ ድረስ አስጋልቤ አመጣሁት። ላቡና ዝናቡ አይለይም። ኮርቻውን አውርጄ የፕላስቲክ ሸራ ደረብኩበት፤ ከስሩ እንፋሎት ይወጣል፣ ሽንጡም ይንቀጠቀጣል። ለብርድ የሚሰጥ መድኃኒት የምታውቁ? "ውሃ እንዳታስጠጋው" ስላሉኝ እሱም ጨንቆኛል።

የጋጣው ልጅ፦ መጀመሪያ ሸራውን አንሳ! እርጥበቱን አፍኖ ስለሚይዘው ቢያድርም አይደርቅ። ንፋስ የማይመታው ቦታ አቁመው። ውሃውን በመዳፍህ ጠርዝ ወደ ታች ጥረገው፣ ከዚያ በጆንያ ወይም በደረቅ ፎጣ እሸው። ጸጉሩ ከተኛበት በተቃራኒ፣ ቆም ቆም እስኪል።

ሶምሶማ፦ አንተስ ልብስ ቀይረሃል? ሁለታችሁም ከታመማችሁ ማን ማንን ሊያስታምም ነው ሃሃ

ጋሼ ልጓም፦ ልጆች፣ ነገሩ የሚጀምረው ከጋጣ ሳይሆን ከመንገድ ነው። መጨረሻ ላይ በእርምጃ ነው የሚመጣው። የሆዱን ማሰሪያ ላላ አድርጎ፣ ወርዶ እየሳቡ፣ ትንፋሹ ሲሰክን ነው የሚገባው። የዛሬ ጋላቢ በር ላይ ደርሶ ነው ፍሬን የሚይዘው። እኛ ስንማር ግን...

ባለ ዳማው፦ እሺ ጋሼ፣ አሁንስ?

ጋሼ ልጓም፦ አሁንማ ትንፋሹን ቁጠር። ያረፈ ፈረስ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ነው የሚተነፍሰው። ገና ካለከለከ አታስረው፣ ቀስ እያልክ አንሸራሽረው። ውሃ ግን እስኪበርድለት የለም።

ነጭ ጋማ፦ እኔ መድኃኒቱ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። መንቀጥቀጥ በሽታ አይደለም። ጡንቻው ሙቀት እየሠራ ነው። ደርቆም ካላቆመ ያኔ እናወራለን። መድኃኒቱ ድርቆሽ ነው፤ አንጀቱ ውስጥ ሲብላላ ከውስጥ ያሞቀዋል። እህል ለጊዜው ይቅርበት። ደግሞ ጋሼ፣ በውሃው አልስማማም። ለብ ያለ አቅርቡለት፣ የፈለገውን ይጠጣ። ደረቅ ድርቆሽ በልቶ ውሃ ያጣ ፈረስ አንጀቱ ይደፈናል።

ጋሼ ልጓም፦ በእኛ ጊዜ እንዲህ አልነበረም።

ዘመቻ፦ ሸራውን አንሳና በጆንያ እሸው።

ሶምሶማ፦ ተብሏል እኮ!

ዘመቻ፦ ቢደገም ማንን ይጎዳል?

ባለ ሰኮና፦ የሱፍ ልብስ ከሌለህ ጀርባው ላይ ደረቅ ጭድ ዘርግተህ ጆንያ ደርብበት። አየር ስለሚያልፍ እርጥበቱ ወደ ላይ ይወጣል። ጆንያው ሲረጥብ ቀይረው። ደረቀ ለማለት ደግሞ ላዩን ዳሰስ አድርገህ አትተው። ከጆሮው ኋላ፣ ከፊት እግሮቹ መሃል፣ ኮርቻው ካረፈበት ቦታ ጣትህን ጸጉሩ ውስጥ አስገባ። ስሩ እርጥብ ከሆነ ገና ነህ።

ባለ ዳማው፦ ሸራውን አነሳሁ። ድርቆሽ ይዟል፣ ውሃም ቀመሰ። የኋላ እግሩ ግን ገተር ብሎብኛል፣ መራመድ አልፈለገም። ድካም ነው አይደል?

የጋጣው ልጅ፦ ጭቃውንስ? በቀዝቃዛ ውሃ አጥበህ እርጥብ እንዳትተወው፣ ከሰኮናው በላይ ያለው ቆዳ ይቆስላል። ሰኮናውን ጥረግ፣ እግሩን በፎጣ አድርቅ። የቀረውን ጭቃ ነገ ሲደርቅ ትቦርሸዋለህ።

ነጭ ጋማ፦ ቆዩ፣ ጭቃው ይቆየን! ባለ ዳማው፣ ዳሌውን ጫን አድርገህ እየው። እንደ ድንጋይ ጠጥሯል? ሽንቱስ ቡናማ ሆኗል? ከሆነ ጡንቻው እየተጎዳ ሊሆን ይችላል። አንድ እርምጃ እንዳታስኬደው፣ ማንሸራሸር የተባለውን እርሳው። የእንስሳት ሐኪም አሁኑኑ ጥራ። ቴርሞሜትር ካለህ በፊንጢጣው ለካ፤ ካረፈ በኋላ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ከሆነ ሙቀቱ ደህና ነው።

ጋሼ ልጓም፦ እዚህ ላይ ነጭ ጋማ ልክ ነው። ገተር ካለ አታንቀሳቅሰው።

ሶምሶማ፦ ጋሼ ተስማሙ! ቀኑ ይመዝገብ።

ዘመቻ፦ ኮርቻውንም እሳት ዳር እንዳታስቀምጠው፣ ቆዳው ይሰነጣጠቃል። ጥላ ስር ይድረቅ።

ነጭ ጋማ፦ ኮርቻውን ተዉት። ባለ ዳማው፣ ሽንቱን አየኸው?

ነጭ ጋማ፦ አለህ?