ለስፒነርቤት የሚስማማ ዘንግ

ጥያቄ፦ በአሜሪካ በፖቶማክ ወንዝ ባስ የተባለውን ዓሣ በስፒነርቤት (ሲጎተት የሚሽከረከር የብረት ቅጠል ባለው ሰው ሠራሽ ማጥመጃ) ማጥመድ የጀመርኩ ሲሆን፣ የማጥመጃ ዘንጌ በጣም ለስላሳ በመሆኑ ዓሣው ከነከሰ በኋላ መንጠቆው ሳይይዘው ያመልጠኛል። ምን ዓይነት ብገዛ ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከ10 እስከ 14 ግራም ለሚመዝን ስፒነርቤት ርዝመቱ 2 ሜትር ገደማ የሆነና «ሚዲየም ሄቪ» (መካከለኛ ጠንካራ) የሚባለውን ዘንግ ይምረጡ፤ መንጠቆው ነጠላና ወፍራም ስለሆነ በዓሣው አፍ ላይ እንዲተከል ከመያዣው ከፍ ብሎ ባለው ክፍሉ ጉልበት ያለው ዘንግ ይፈልጋል።

ሌላ መልስ፦ እስማማለሁ፤ ጫፉ ግን ፈጽሞ ግትር እንዳይሆን አደራ እላለሁ። ዓሣው በመጎተት ላይ ያለውን ማጥመጃ ሲጎርስ የዘንጉ ጫፍ ጥቂት ካልጎበጠለት አፉን ሳይዘጋ ማጥመጃው ይነጠቅበታል፤ እኔ ብዙ ዓሣ ያጣሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክሩስ?

መልስ፦ ሳይበጠስ ከ6 እስከ 8 ኪሎ የሚችል ይበቃል።