«ቁጥር አይዋሽም» ያልከው ልጅ፣ ና እዚህ

የሆጤ ልጅ፦ ትናንት ፒያሳ ጨዋታ እያየን አንዱ ስልኩን አውጥቶ «ይሄ ተከላካይ 90 ደቂቃ ሙሉ የሠራው አንድ ታክል ነው፣ ቁጥር አይዋሽም» አለ። ታክል ማለት ኳስ ከያዘው ሰው እግር ላይ ገብቶ ማስጣል ነው። ደሜ ፈላ። ቦታውን ይዞ ስለቆመ እኮ ነው ማንም ወደሱ ያልሄደው! ልመልስለት ስል ጎል ገባና ጩኸቱ ዋጠኝ። እዚህ ግሩፕ ውስጥ አለ፣ ይመልስልኝ።

ኮምቦልቻ ማዶ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። ቁጥር አይዋሽም። አንተ የምታየው በምትደግፈው ክለብ ዓይን ነው፣ ቁጥር ግን ክለብ የለውም።

የሆጤ ልጅ፦ እሺ። መጋቢት 2019 እ.ኤ.አ.፣ ሊቨርፑል ከቶተንሃም፣ 1 ለ 1። ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። የቶተንሃሙ ሲሶኮ ኳስ ይዞ ይሮጣል፣ የቡድን ጓደኛው ሰን ከጎኑ አለ፣ ፊታቸው ያለው ተከላካይ የሊቨርፑሉ ቫን ዳይክ ብቻ። ሸርተቴ አልወረደም። ወደኋላ እያለ ለሰን የሚያሻግርበትን መስመር ዘጋበት፣ ሲሶኮን በማይመቸው ግራ እግሩ አስመታው። ኳሷ ወደ ሰማይ። ሊቨርፑል 2 ለ 1 አሸነፈ። በል ንገረኝ፣ የቱ ታክል ነው? የቱ ነጠቃ ነው?

ኮምቦልቻ ማዶ፦ ያው ቫን ዳይክ 50 የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ማንም አብዶ ሠርቶ ሳያልፈው ቆየ፣ ነሐሴ 2019 የአርሰናሉ ፔፔ እስኪያልፈው። ይሄን ማን ቆጠረልህ? ዓይንህ?

የመርሳ ልጅ፦ አብሽሩ። የማንቸስተር ዩናይትዱ አሰልጣኝ ፈርጉሰን በ2001 እ.ኤ.አ. ተከላካዩን ስታምን ለጣሊያኑ ላዚዮ የሸጠው ታክሉ ቀነሰ ተብሎ ነው ሲባል አልሰማችሁም? ኋላ ራሱ ተሳስቻለሁ ብሏል።

ኮምቦልቻ ማዶ፦ ወሬ ነው። ፈርጉሰን ያነሳው የተረከዙን ጉዳትና የቀረበለትን ገንዘብ ነው።

ሐይቅ ዳር፦ እኔ አሁን አሜሪካ ነኝ፣ እዚህ ቤዝቦል ላይም ይሄው ጭቅጭቅ አለ። የያንኪስ ክለብ ተጫዋች የነበረው ዴሪክ ጄተር በመከላከል 5 ጊዜ የወርቅ ጓንት ተሸልሟል፣ ያኔ መራጮቹ ደግሞ አሰልጣኞች ነበሩ። የመከላከል ስሌቶቹ ግን ደካማ ነው ይሉታል። ዘሎ ሲወረውር ያምራል፣ ዓይን ያንን ያያል። ሳይደርስበት ያለፈውን ኳስ ማን ያያል? ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሁሉም የትልቁ ሊግ ስታዲየም ተጫዋቹ የት እንደቆመና ስንት እንደሮጠ የሚለካ መሣሪያ አለ።

የሆጤ ልጅ፦ ወንድሜ፣ እዚያ ኳሱ ተመትቶ ወደ አንድ ሰው ይሄዳል። እግር ኳስ ላይ 22 ሰው አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ የአንዱን ጥፋት ሌላው ይሸፍናል። ቧንቧ ውሃ ሰፈር አንድ ተከላካይ ነበረን። ሜዳው አቧራ ነው፣ ጨዋታው ሲያልቅ ሁላችንም ቀይ አፈር መስለናል፣ የሱ ማልያ ግን እንደታጠበ ነው። ጎል የሚገባብን እሱ የቀረ ቀን ነበር። ወላሂ፣ አንድ ቀን እንኳ ሲንሸራተት አላየሁትም።

ኮምቦልቻ ማዶ፦ እሱ ሲኖርና ሲቀር የገባባችሁን ጎል አወዳደርክ አይደል? እሱም ቁጥር ነው። ቁጥር አይዋሽም ያልኩህ ይሄንን ነው።

የሆጤ ልጅ፦ አላልክም! አንድ ታክል ነው ያልከው። ሰው ሁሉ ሰምቷል።

የመርሳ ልጅ፦ ስታምን ሸጦ የ35 ዓመቱን ተከላካይ ብላን ማምጣቱስ? በዚያ ዓመት ዩናይትድ 3ኛ ነው የወጣው።

ኮምቦልቻ ማዶ፦ ብላንን አትንካ።