እሬት ከስኳር ኪኒን ጋር ይጠጣል ወይ?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ። እማዬ ያለችው ደብረ ብርሃን ነው፣ ስኳር አለባት፣ ሜትፎርሚን ትወስዳለች። ሰሞኑን ጎረቤት "እሬት ስኳር ያወርዳል" ብሏት በየጠዋቱ እየጨመቀች መጠጣት ጀመረች፣ ከዚያ ወዲህ ሆዷን ይቆርጣታል፣ ያስቀምጣታል። ለቃጠሎ ሲቀባማ እኔም አምንበታለሁ፣ ያ ጥርት ያለው ዝልግልጉ ቆዳን ያቀዘቅዛል። ግን ከልጣጩ ስር ያለው ቢጫው መራራ ፈሳሽ በኃይል እንደሚያስቀምጥ አንብቤያለሁ፣ እሷ ደግሞ ቅጠሉን ከነልጣጩ ነው የምትጨምቀው። የምትቆርጠውም ከገደሉ ላይ የበቀለውን ነው፤ እሱና ሱቅ የሚሸጠው አሎቬራ አንድ ናቸው? ከኪኒኑ ጋር ተደርቦ ስኳሯን ከልክ በላይ ቢያወርደውስ? ተይው ስላት "የአባቶቻችን መድኃኒት ነው" ትለኛለች። የጤና ባለሙያ የሆናችሁ፣ ምን ብዬ ላሳምናት?