የተዳፋቱ መሬት የጋራ ዕቅድ፦ ረቂቅና የአባላት ሐሳብ

ጸሐፊ፦
ረቂቁ ይኸው። ወረዳው ገንዘብ እንዲሰጠን ዕቅዱን እስከ ታኅሣሥ 30 አስገቡ ብሏል። ቦታው ቀበሌው የሰጠን 4 ሄክታር ተዳፋት ነው። ዛፍ፣ ሰብልና በግ አንድ ላይ ይሁኑ ብለናል። በእርከኑ ጠርዝ ትሪ ሉሰርን (ቅጠሉ ለመኖ የሚሆን ዛፍ)፣ በእርከኖቹ መሀል ገብስና ባቄላ፣ ጫፉ ላይ ወይራ፣ ኮሶና የግጦሽ ሣር። የተዋጣው ብር ለዘርና ለችግኝ ጣቢያ ይውላል።

የታች ሰፈር ተወካይ፦
ንድፉ ላይ የመሬቱ መግቢያ በር በላይ ሰፈር በኩል ነው። ማን ወሰነው?

ጸሐፊ፦
በሩ በኋላ ይደርሳል። ስለ ተከላው ተናገሩ።

የታች ሰፈር ተወካይ፦
ሣር ሲታጨድ ቀድሞ የሚገባው በሩ ደጁ ላይ ያለ ሰው ነው። በቦዩ ጊዜ ምን እንደደረሰብን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በሩ ወደ ታች ካልዞረ አንፈርምም።

የላይ ሰፈር ተወካይ፦
ቦዩን እዚህ ምን አመጣው? ጥበቃው የሚወጣው ከእኛ ነው። ሌሊት ጅብ የሚሰማው እኛ ነን። በሩ ጠባቂው ባለበት ይሁን።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛ (አባል)፦
ከበሩ በፊት አንድ ነገር ልናገር። ረቂቁ በጎቹን ከመጀመሪያው ዓመት ያስገባል። አይሆንም። በግ ለጋ ችግኝ ካገኘ ልጣጩን ሳይቀር ነው የሚግጠው። መጀመሪያ ዛፍና ሰብል ብቻ ይሁን። ሣሩንና ቅጠሉን አጭደን ለበጎቹ ቤት እንወስዳለን። ዛፉ ከበግ አፍ በላይ ሲሆን ግጦሽ ይፈቀዳል። ትሪ ሉሰርን የመረጥነው ደጋ ስለሚወድ፣ ሥሩ መሬቱን በናይትሮጅን ስለሚያዳብር፣ ቅጠሉም ከገብስ ገለባ ጋር ሲሰጥ የመንዝ በግን ስለሚያወፍር ነው። አበባውን ንብ ይወደዋል። ጠላቱ ውርጭ ነው። ሐምሌ ተተክሎ ሥር ካልሰደደ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ዘሩ ጥር ላይ መዘራት አለበት።

የታች ሰፈር ተወካይ፦
ጥሩ ነው። በሩስ?

የወጣቶች ተወካይ፦
እስከ መቼ ስለ በር እናወራለን? ባሕር ዛፍ እንትከልና ይለቅ። ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ አጣና በየቀኑ ይሸጣል። ለገብስና ለበግ ማን ይለፋል?

እትዬ (የሴቶች ቡድን)፦
ባሕር ዛፍ ከተተከለ ገብሱን እርሳው። ከእኔ ማሳ ዳር የጎረቤት ባሕር ዛፍ አለ። ሥሩ ያለበት ቦታ ላይ ገብሱ እንደ ሣር አጥሮ ይቀራል።

የወጣቶች ተወካይ፦
እትዬ፣ እርስዎ ገብስ አለዎት። እኛ መሬት የለንም። የሚታይ ብር ያስፈልገናል።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጁ እውነት አለው፤ ግን አብዛኛው መሬት ለባሕር ዛፍ አይሰጥም። ስለ በሩ ደግሞ ስሙኝ። ጓሳን፣ የመንዝን የጋራ የሣር መሬት፣ መንዞች ለብዙ መቶ ዓመታት ያቆዩት በአፅመ ርስት፣ ማለትም ከአባቶች በወረደ የጋራ ይዞታ ሥርዓታቸው ነው። ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲፈቀድ ሁሉም ይገባል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ሲላላ ጓሳ ተጎዳ። የማጨጃው ቀን ለሁለቱም ሰፈር አንድ ቢሆን በሩ የትም ቢሆን ማን ማንን ይቀድማል? እሱን መተዳደሪያ ደንብ ላይ ጻፉት።

የላይ ሰፈር ተወካይ፦
መምህር ያሉትን እቀበላለሁ።

የታች ሰፈር ተወካይ፦
መምህር፣ እርስዎን አከብራለሁ። ደንብ ግን ቦዩም ነበረው። ሁለት በር ይሁን።

የላይ ሰፈር ተወካይ፦
ሁለት በር ማለት ሁለት ሌባ ማለት ነው!

የታች ሰፈር ተወካይ፦
ማንን ነው ሌባ ያልከው?

ጸሐፊ፦
ይብቃ። ስድብ የጻፈ ከነገ ጀምሮ አይጽፍም።

የላይ ሰፈር ተወካይ፦
ሰው አላልኩም። ከብት ሾልኮ ይገባል ማለቴ ነው። ቃሉን አንስቻለሁ። ሁለት በር ይሁን፣ ግን ሁለት ጠባቂ።

ገንዘብ ያዥ፦
ሁለት በርና ሁለት ጠባቂ ካላችሁ ሽቦ አጥር ይከተላል። ሽቦው ከተገዛ ለችግኝ ጣቢያው የሚተርፍ ገንዘብ የለም። ያላዋጣችሁም አላችሁ፤ ዝርዝሩ እኔ ጋር ነው።

እትዬ፦
በቀጋና በክትክታ እንጠር። ሽቦ ለምን?

የታች ሰፈር ተወካይ፦
ቀጋ እስኪያድግ ማን ይጠብቃል? ሽቦ።

የላይ ሰፈር ተወካይ፦
በዚህስ እስማማለሁ። ሽቦ።

ጸሐፊ፦
መሬቱን እለካለሁ ብሎ የተመዘገበው አባል የት ነው? ያለ ልክ የሽቦው ዋጋ አይወጣም። ስልክ አያነሳም። ሌላ ሰው ይነሳ።

(ከሁለት ቀን በኋላ)

ጸሐፊ፦
የሚለካ ስላልተገኘ በግምት ጻፍኩት። አዲሱ ረቂቅ ሽቦ አጥር፣ ሁለት በርና የጥበቃ ቤት አለው። ከውስጥ ሣር ተጠብቆ ይሸጣል። በታችኛው ጠርዝ ለወጣቶች አንድ መስመር ባሕር ዛፍ፤ ከማሳ ይርቃል። ገብሱና ባቄላው ለሚቀጥለው ዓመት ይቆያሉ። ትሪ ሉሰርን በሁለት እርከን ብቻ።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፦
ወረዳው የጠየቀን ዛፍ፣ ሰብልና ከብት የተጣመሩበት ዕቅድ ነው። ይሄ ሣር አጥሮ መሸጥ ነው። በዚህ ገንዘብ አያገኝም ብዬ እፈራለሁ። ቢያንስ ባቄላውን መልሱት።

የታች ሰፈር ተወካይ፦
እኛ ፈርመናል። አትመልሰው።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፦
እሺ፣ ሁለቱ እርከኖች እንዳይቀሩ። ዘር እኔ ጋር አለ። ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ከመዘራቱ በፊት በሙቅ ውኃ ይነከራል። ችግኙ ውርጭ በሚወርድበት ሌሊት በሣር መሸፈን፣ ጠዋት መገለጥ አለበት። እስከ ሐምሌ ድረስ በየቀኑ የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል። ማን ይወስደዋል?

የወጣቶች ተወካይ፦
በወር ስንት ይከፈላል?

ገንዘብ ያዥ፦
ሽቦው ከተገዛ በኋላ ምንም።

እትዬ፦
ዘሩን ወደ እኔ ላክ። ጓሮዬ ላይ መደብ አዘጋጃለሁ። ውኃ ግን ብቻዬን አልችልም፣ ሁለት ልጅ መድቡልኝ።

ጸሐፊ፦
የወጣቶች ተወካይ፣ ሁለት ስም እስከ ዓርብ ጻፍልኝ።