የአንገት እብጠት የመርፌ ምርመራ፦ ረቂቁን አብረን እንጨርስ

አስተባባሪ፦
ጤና ይስጥልኝ አባላት። ከአንገት እብጠት በመርፌ ናሙና ወስዶ ስለመመርመር ያዘጋጀነውን የፕሮጀክት ሐሳብ ዓርብ ማስገባት አለብን። ረቂቁ ላይ ብዙውን ብር የያዘው አዲስ ማይክሮስኮፕ ነው። እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም።

ባለፈው ወር የአንዲት ልጅ የአንገት እብጠት ናሙና ደረሰኝ። አንደኛው ስላይድ (ናሙናው የሚቀባበት መስታወት) ላይ የረጋ ደም ተጋግሮበታል። ወዲያው አልኮል ውስጥ መግባት የነበረበት ሁለተኛው፣ ከደረቀ በኋላ ነው የገባው። ሴሎቹ አብጠዋል፣ ኒውክሊየሳቸው ደብዝዟል። ቲቢ ይሁን ሊምፎማ (የንፍፊት ካንሰር) መለየት አልቻልኩም። ልጅቷ ተመልሳ ተወጋች። እናቷ ለትራንስፖርት ሁለተኛ ጊዜ ተበድራ ነው የመጣችው። ይህን የትኛውም ማይክሮስኮፕ አያድነውም። ብሩ ናሙና አወሳሰድ ላይ ይዋል እላለሁ።

የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ደሴ፦
ልክ ነሽ እህቴ። ግን ጥፋቱን የወጋው ሰው ላይ ብቻ አንጣለው። ስላይዱ የሚገባበት 95 በመቶ ኢታኖል (አልኮል) አልቆብን በእጅ ማጽጃው 70 በመቶ የሠራንበት ቀን አለ። በጀቱ ላይ አልኮል፣ ጫፉ የሚጻፍበት ስላይድና እርሳስ ይግባ። እርሳስ ስል ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በእስክሪብቶ የተጻፈ ስም አልኮል ውስጥ ይለቃል። ስም የሌለው ስላይድ ደግሞ የማንም አይደለም።

ላብራቶሪ፣ ጅማ፦
አዲስ ማይክሮስኮፕ ይቅር፣ ጥገና ግን ይግባልን። በእርጥበቱ የተነሳ የእኛው ሌንስ ሻጋታ ይዟል።

ሲስተር፣ ሐዋሳ፦
ስልጠናው ፓፕ ስሚርንም ቢጨምርስ? እሱም የማኅፀን በር የሴል ምርመራ ነው።

አስተባባሪ፦
ሲስተርዬ፣ አስቤበት ነበር። ግን ለማኅፀን በር ካንሰር ልየታ ጤና ጣቢያዎቻችን የለመዱት አሴቲክ አሲድ ቀብቶ በዓይን ማየትን ነው። ሴትየዋ ውጤቷን እዚያው ትሰማለች። ፓፕ ስሚር ከሆነ ስላይዱ ተልኮ፣ ተነቦ፣ እሷም ተመልሳ መምጣት አለባት። ስንቷ ትመለሳለች? አሁን አንድ ነገር ይዘን በደንብ እንሥራው።

ዶክተር፣ ጎንደር፦
አንድ ነገር ልጨምር። ስላይዱ ከተሠራ በኋላ መርፌው ውስጥ የሚቀረው ፈሳሽ አይጣል። ቲቢ ከተጠረጠረ የቲቢ ባክቴሪያን ዘረመል ለሚፈልገው የጂን ኤክስፐርት ምርመራ ይላክ። ሁለቱ ውጤቶች ሲደጋገፉ ሐኪሙ ሳይጠራጠር መድኃኒት ይጀምራል። ሊምፎማ የሚመስል ከሆነ ግን በመርፌ ብቻ እንዳንወስን። ባዮፕሲ (ከእብጠቱ ቁራጭ ቆርጦ መመርመር) ያስፈልጋል። ይህ በግልጽ ይጻፍ።

አስተባባሪ፦
ዶክተር፣ ያሉትን እንዳለ አስገባዋለሁ። አልኮሉን፣ ስላይዱንና እርሳሱን የደሴው ወንድማችን ዋጋ ያጠያይቅ። ጅማ የጥገናውን ግምት ትላክልኝ። ሲስተር፣ ናሙና ሲወሰድ አጠገብ የምትቆሙት እናንተ ነርሶች ናችሁና የስልጠናውን ክፍል አንቺ ጻፊው። እስከ ረቡዕ ማታ ይድረሰኝ። ያልተነጋገርንበት አንድ ነገር ቀርቷል፦ ውጤቱ ሲደርስ ለቤተሰቡ ማን ይደውላል?

ሲስተር፣ ሐዋሳ፦
እኛ እንደውላለን። የካርድ ስልክ በጀቱ ላይ ይግባ።