የከፈሉ ደንበኞቼን መዝገበ ቃላቱ «አልተመዘገቡም» እያላቸው ነው፤ እባካችሁ ድረሱልኝ

ጠያቂ (ባሕር ዳር)፦
ጤና ይስጥልኝ። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የቻይንኛና አማርኛ መዝገበ ቃላት ለአንድሮይድ ስልክ ሠርቼ፣ ከቻይናውያን ጋር ለሚሠሩ አስተርጓሚዎችና ነጋዴዎች ፋይሉን በቴሌግራም እየላክሁ፣ ክፍያውን በቴሌብር እየተቀበልሁ እሸጣለሁ። ደንበኛው 300 ብር ከፍሎ መተግበሪያው የሚያሳየውን የስልኩን መለያ ይልክልኛል፤ እኔም በዚያ መለያ የመክፈቻ ኮድ አዘጋጅቼ እሰጠዋለሁ። ትናንት ማታ አዲሱን እትም ከላክሁ ወዲህ ግን የጫኑት ሁሉ «አልተመዘገቡም» እየተባሉ ነው። የምዝገባውን ክፍል አልነካሁትም፤ የጨመርሁት የግንባታ ቃላትን ብቻ ነው። አንዱ ደንበኛ ሲሚንቶ በሚራገፍበት ቦታ፣ ከቻይናዊው ኃላፊ ፊት ቆሞ ነው የደወለልኝ። ምን ላድርግ?

ፔዳ ግቢ፦
ደንበኞችዎ ወደ ስልኩ ሴቲንግ ገብተው የመተግበሪያውን ካሽ (ጊዜያዊ ማከማቻ) ያጽዱ፤ ስልኩንም አጥፍተው ያብሩት።

ባለ ፈቃድ፦
ከኮዱ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ቃላቱን ከየት አመጡ? ምንጭዎ ሲሲ ሲዲክት ከሆነ፣ ይህ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ከተጀመረው ሲዲክት የቀጠለና ከመቶ ሺህ በላይ ቃላት የያዘ የቻይንኛና እንግሊዝኛ ስብስብ፣ ፈቃዱ መሸጥን ባይከለክልም ምንጩን መጥቀስንና ከእርሱ የተሠራውን ስብስብ በዚያው ፈቃድ ለሌሎች ክፍት ማድረግን ያስገድዳል። ስለዚህ የእርስዎ የሚባለው ፕሮግራሙ እንጂ ቃላቱ አይደሉም። አማርኛውን ራሴ ተረጎምሁት ማለትም ከዚህ ግዴታ አያወጣዎትም።

ጊዮርጊስ ሰፈር፦
በነፃ የሚተረጉም መተግበሪያ በየስልኩ ሞልቶ ሳለ በ300 ብር መዝገበ ቃላት መሸጥ ለእኔ አይገባኝም። የተበላሸው ኮዱ ሳይሆን ንግዱ ይመስለኛል።

አስተርጓሚ፦
ከገዙት አንዱ ስለሆንሁ ልመልስ። የምሠራበት ቦታ ኔትወርክ ሲኖር በረከት፣ ሳይኖር ልማድ ነው። በቻይንኛ «ማይ» የሚለው ቃል ድምፁ ወርዶ ሲነሣ «መግዛት»፣ ከላይ ወደ ታች ሲወድቅ «መሸጥ» ነው፤ ለጆሮ በአንድ ድምፅ ብቻ የተለያዩትን እነዚህን ሁለት ቃላት አምታትቼ አንድ መኪና ብረት ልገዛ ሄጄ ልሸጥ የመጣሁ መስያለሁ። ይህ መዝገበ ቃላት ሁለቱን ጎን ለጎን ያሳየኛል። ትናንት ግን እኔም ተዘግቶብኛል፤ ያስቀመጥኋቸው ቃላትም አብረው ጠፍተዋል።

የዘጌ ሰው፦
«ማይ» በግእዝ ውኃ ስለሆነ ሦስተኛ ትርጉም ይጨመርልን፤ ጣናም በምሳሌነት ይግባ።

የጎርጎራው፦
ጠያቂያችን ሁለት ነገር ሳይነግሩን አልፈዋል። አዲሱ እትም በአሮጌው ላይ ተጭኖ ገባ ወይስ አሮጌውን አስጠፍተው አስጫኑ? ኮምፒውተርዎንስ በቅርቡ ቀይረዋል?

ጠያቂ፦
በላዩ ሲጫን እንቢ ስላለ «አጥፍታችሁ ጫኑ» አልኋቸው። የላፕቶፔ ቦርድ ባለፈው ወር መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጥሎ በሌላ ላይ እየሠራሁ ነው፤ ፕሮጀክቱ በፍላሽ ስለነበረኝ ግን አልተቸገርሁም። ይህ ከምዝገባው ጋር ምን ያገናኘዋል?

የጎርጎራው፦
በደንብ ያገናኘዋል። እያንዳንዱ የአንድሮይድ መተግበሪያ በሠሪው ቁልፍ፣ ማለትም ሠሪውን በሚለይ ምስጢራዊ ፋይል፣ ይፈረማል፤ ፊርማው ከአሮጌው ካልተመሳሰለ ስልኩ በላዩ ላይ አይጭነውም። የራስዎን ቁልፍ ካላበጁ ደግሞ መተግበሪያ የሚሠራበት ፕሮግራም፣ አንድሮይድ ስቱዲዮ፣ ለመሞከሪያ የሚሆን ቁልፍ በየኮምፒውተሩ በራሱ ይፈጥራል፤ አዲሱ ላፕቶፕም አዲስ ፈጥሯል ማለት ነው። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ከወጣው አንድሮይድ 8 ጀምሮ «አንድሮይድ አይዲ» የተባለው መለያ የሚሰጠው ለስልኩ ብቻ ሳይሆን ለፈራሚው ቁልፍም ጭምር ነው። ቁልፉ ሲቀየር ያው ስልክ ለመተግበሪያዎ ሌላ መለያ ያሳየዋል፤ የድሮ ኮዶችዎም በዚህ ምክንያት ከሸፉ። አሁን ሁሉንም ትተው አሮጌው እትም ያላቸው ደንበኞች እንዳያጠፉት ይንገሯቸው፤ እነርሱ ምንም አልሆኑም። ከዚያ የተቃጠለውን ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ያስወጡና በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ በነጥብ የሚጀምረውን «አንድሮይድ» የተባለ ፎልደር ይክፈቱ፤ «ዲበግ ዶት ኪስቶር» የሚባል ፋይል ያገኛሉ። በእርሱ ቢፈርሙ አሮጌው መለያ ይመለሳል፤ የጠፉት የደንበኞች ቃላት ግን አይመለሱም።

ፔዳ ግቢ፦
ካሹን ማጽዳት ሞክራችኋል? ለእኔ ሠርቶልኛል።

ባለ ፈቃድ፦
የመሞከሪያ ቁልፍ ለሚሸጥ ዕቃ? የይለፍ ቃሉ በዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ «አንድሮይድ» ይባላል። የቁልፉ ፋይል የደረሰው ሰው ሁሉ በእርስዎ ስም መፈረም ይችላል።

ጠያቂ፦
ላፕቶፑ ጠጋኙ ዘንድ ነው፤ ዲስኩ ውስጡ መኖሩን ግን አላውቅም። ነገ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት እደርሳለሁ።

የጎርጎራው፦
ዲስኩ ከጠፋ ማንንም አይለምኑ፤ በቴሌብር የክፍያ ቁጥራቸው እያመሳከሩ ለአዲሱ መለያ አዲስ ኮድ ይስጧቸው። ከተገኘ ግን ለሰው ከመላክዎ በፊት የአሮጌውን እትም የፊርማ አሻራ (ቁልፉን የሚለየውን የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት) ከአዲሱ ጋር በፊደል በፊደል ያስተያዩት፤ በመጀመሪያም አሮጌው እትም ባለበት በራስዎ ስልክ ላይ ይጫኑት።